ጠይቁኝ፦ ደመወዙ የቀረበት ጠረፍ

«ጋሼ፣ የታሪክ መጽሐፋችን የስፔንን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው የሚጨርሰው፤ ናፖሊዮን ስፔንን ወረረ፣ ኢምፓየሩ ተዳከመ፣ ቅኝ ግዛቶቹ ነፃ ወጡ ይላል። ካርታው ላይ ግን ግዛቱ እስከ ካሊፎርኒያ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ጫፍ ላይ ለቆመው ወታደር ‘አለቀ’ ብሎ ማን ነገረው? በአንድ ቀን ነው ያለቀው?»
የማታ ተማሪዋ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ከመሳቢያዬ አንድ የብር ሳንቲም አውጥቼ ፊቴ አስቀመጥኩ። በ1809 ሜክሲኮ ሲቲ የተመታ ባለ ስምንት ሪያል ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ዙሪያውን የፈርናንዶ 7ኛ ስም በላቲን ተጽፎበታል፤ መሃሉ ላይ ጥሩር የለበሰ፣ የሎሬል አክሊል የደፋ ሰው አለ። ሰውዬው ግን ፈርናንዶ አይደለም። ፈርናንዶ በ1808 ሲነግሥ መልኩን የሚያሳይ ሥዕል ከስፔን አልደረሰምና የሜክሲኮ ሲቲ ቀራጮች ንጉሥ የሚመስል ፊት ከራሳቸው ፈጠሩለት። እስከ 1811 በዚያው ፊት ብር ሲመቱ ቆዩ። ባለቤቱ በበኩሉ ያን ጊዜ ፈረንሳይ አገር፣ ቫለንሴ በሚባል ግንብ፣ የናፖሊዮን እስረኛ ነበር። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ካርሎስ 4ኛ አባቱን ሲተካም ስሙን ቀይረው የአባቱን ፊት ለጊዜው እንዳለ ትተውት ነበር።

ብር የሚመታበት ዋናው ከተማ የንጉሡን መልክ ካላወቀ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠረፍ አንቺው አስቢው።

መጽሐፍሽ የዘለለው አንድ ነገር አለ። ካርታው እጅግ የሰፋው ሊቀደድ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሳን ዲዬጎ በ1769፣ ሞንቴሬይ በ1770፣ ሳን ፍራንሲስኮ በ1776፣ ሳንታ ባርባራ በ1782 ተመሠረቱ። ስፔን እንዲህ የተጣደፈችው ሩሲያና እንግሊዝ እንዳይቀድሟት ነው። ብር አልቸገራትም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሜክሲኮ ሲቲ ብር መምቻ ቤት በዓመት ከ20 ሚሊዮን ፔሶ በላይ ይመታ ነበር። የቸገራት ሰው ነው። ያንን ሁሉ የካሊፎርኒያ ጠረፍ የሚጠብቀው አራት ምሽግ ላይ የተበተነ ጥቂት መቶ ወታደር ብቻ ነበር። ምሽጎቹን «ፕሬሲዲዮ» ይሏቸዋል።

ይህንን ከማንም በፊት በግልጽ የተናገረው ማርኬስ ደ ሩቢ የሚባል መኮንን ይመስለኛል። ከ1766 እስከ 1768 ጠረፉን በፈረስ ዞሮ መረመረ። የተመለሰውም የእውነት ግዛት አለ፣ የምናብ ግዛትም አለ የሚል ሐሳብ ይዞ ነው። እውነቱን ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በ1758፣ ቴክሳስ ውስጥ የሳን ሳባን ሚሲዮን (የካቶሊክ ሰባኪዎች ሰፈር) ኮማንቼ የሚባሉት ያገሩ ተወላጆችና ተባባሪዎቻቸው አቃጥለውት ነበር። በዓመቱ ሊበቀል የዘመተው ጦርም ተሸንፎ ተመለሰ። በካርታ ላይ የስፔን ቀለም በተቀባው ሜዳ የሚያዝዘው ኮማንቼ ነበር።

ነገሩ የተስተካከለው በገንዘብ ነው። የኒው ሜክሲኮው ገዢ ሁዋን ባውቲስታ ደ አንሳ በ1779 ኩዌርኖ ቬርዴ የተባለውን የኮማንቼ መሪ ገደለ፤ በ1786 ደግሞ ኤኩዌራካፓ ከተባለው ሌላ መሪ ጋር ሰላም አደረገ። በዚያው ዓመት ሜክሲኮን በንጉሡ ስም የሚገዛው እንደራሴ በርናርዶ ደ ጋልቬስ ለጠረፍ አዛዦች መመሪያ ላከ። እኔ ይህን መመሪያ ባነበብኩ ቁጥር እገረማለሁ፤ ሰውዬው ምንም አልደበቀም። ሰላም ለሚገቡት ስጦታ ስጧቸው፣ መጠጥ አስለምዷቸው፣ ጠመንጃም ስጧቸው ይላል። ጠመንጃው ግን ረጅምና ደካማ ይሁን፤ ፈረስ ላይ የማይመች፣ ቶሎ የሚሰበር፣ ለጥገና ወደ እኛው የሚመልሳቸው። ክፋቱን ተይውና ሥራውን ብታዪ ሠርቷል። በኒው ሜክሲኮና በኮማንቼዎች መካከል የነበረው ሰላም ለረጅም ጊዜ ጸና፤ የጸናው ግን ስጦታው በየዓመቱ እስከመጣ ድረስ ነው።

እዚህ ላይ ነው ናፖሊዮን የሚገባው፤ መጽሐፍሽ እንደሚለው ግን በቀጥታ አይደለም። በ1808 ንጉሡ ተያዘ፤ በሴፕቴምበር 1810 ኢዳልጎ የተባለው ቄስ ሜክሲኮ ውስጥ አመፅ አስነሣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ አማፂ ቄስ የሳን ብላስን ወደብ ያዘ። የካሊፎርኒያ ደመወዝና ዕቃ የሚጫነው ከዚህ ወደብ ነበር። የንጉሡ ወገኖች ወደቡን ቶሎ መልሰው ቢይዙትም የስንቁ መርከብ እንደ ድሮው መምጣቱን ተወ። ለጠረፍ የሚላከውን ዓመታዊ ገንዘብ «ሲቱዋዶ» ይሉታል፤ እሱም ለጦርነቱ ዋለና ቀረ።

እንግዲህ ለወታደሩ ማን ነገረው ላልሽው መልሴ ይሄ ነው፦ ባሕሩ ላይ የሚጠብቃት መርከብ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያበሉት ሚሲዮኖቹ ናቸው። እህል፣ ሥጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማ በዱቤ ይሰጣሉ፤ አዛዡ ግምጃ ቤቱ ይከፍላል ብሎ ይፈርማል፤ ግምጃ ቤቱ አይከፍልም። እህሉን የሚያመርተው፣ ጫማውን የሚሰፋው ደግሞ በሚሲዮኑ ሥር የነበረው ያገሩ ሰው ነው፤ እሱ ከመጀመሪያውም ደመወዝ የሚባል አያውቅም። የወታደሩ ዕዳ ትከሻው ላይ ወደቀ። በ1824 የቹማሽ ሕዝብ በሦስት ሚሲዮኖች ያመፀው ወድዶ አልነበረም። ሩሲያውያንም በ1812 ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ፎርት ሮስን ሲሠሩ የስፔን አዛዦች ተቃውሞ ከመጻፍ በቀር ምንም አላደረጉም፤ እንዲያውም ከእነሱ ጋር በኮንትሮባንድ ይነግዱ ነበር። ምን ያድርጉ!

በኖቬምበር 1818 ለአርጀንቲና የሚዋጋ ቡሻር የሚባል ፈረንሳዊ መርከበኛ በሁለት መርከብ መጥቶ ዋና ከተማዋን ሞንቴሬይን ያዘ። ገዢው ሶላ ወደ መሃል አገር ሸሸ፤ ቡሻር ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከተማዋን አቃጥሎ ሄደ። ሶላ እንዲህ ሆኖም የንጉሡ ታማኝ ነበር። ነፃ አውጪው ጦር ሜክሲኮ ሲቲ የገባው በሴፕቴምበር 1821 ነው፤ ካሊፎርኒያ ለአዲሱ መንግሥት የማለችው ግን በኤፕሪል 1822፣ ከስድስት ወር በላይ ቆይታ። ከውዝፉ ደመወዝ ላይ ማን ምን ከፈለ ብትይ፣ በ1829 የሞንቴሬይ ወታደሮች ደመወዝ ቢያጡ በሜክሲኮም ላይ አምፀዋል።

በምሥራቁ በኩል ደግሞ ስጦታው ሲቋረጥ የኮማንቼዎች ወረራ ወደ ቴክሳስ ተመለሰ። ያ ጣጣ ለስፔን ሳይሆን ለሜክሲኮ ተረፈ።

«መምህር፣ በፊሊፒንስ የስፔን ወታደሮች ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሽገው ወራት ሙሉ ተዋጉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ተረት?»
ጡረተኛ አንባቢ

እውነት ነው ወንድሜ፤ ከላይ ላለችውም ልጅ የጥያቄዋ ሌላ መልስ ነው። ቦታው በሉዞን ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች ባሌር የምትባል ከተማ ናት። ሃምሳ ያህል የስፔን ወታደሮች ለነፃነት በሚዋጉ ፊሊፒናውያን ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ተከበቡ፤ ከጁላይ 1 ቀን 1898 እስከ ጁን 2 ቀን 1899፣ 337 ቀን። ስፔን ደግሞ በዲሴምበር 10 ቀን 1898 ፓሪስ ላይ ፈርማ ፊሊፒንስን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ለቃለች። ስለዚህ ከሁለተኛው አጋማሽ በላይ የተዋጉት አገራቸው ለሸጠችው መሬት ነው።

ከሞቱት ብዙዎቹን የገደላቸው ጥይት ሳይሆን ቤሪቤሪ የሚባል ከምግብ ጉድለት የሚመጣ በሽታ ነው። ካፒቴኑም በዚሁ ሞተ፤ አዛዥነቱ ለሻለቃም ለሻምበልም ሳይሆን ማርቲን ሴሬሶ ለተባለ መቶ አለቃ ደረሰ። ልክ እንደ እሳቸው ያለ ግትር ሰው አላየሁም። ጦርነቱ አብቅቷል የሚል መልእክት ደጋግሞ መጣ፤ ማታለያ ነው አሉ። ከማኒላ የስፔን መኮንን ራሱ መጣ፤ አስመሳይ ነው አሉ። ሊከዱ ነበር ተብለው የታሰሩ ሁለት ወታደሮችን ያስረሸኑት እጅ በሰጡበት ዋዜማ ነው። ጀግንነታቸው በሚወራበት ቦታ ሁሉ እኔ እነዚያን ሁለቱን አስባለሁ።

ያ መኮንን ግን ሲሄድ ጋዜጦች ትቶ ነበር። መቶ አለቃው ጋዜጦቹንም ሐሰተኛ ናቸው ብለው አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ በአንዱ ገጽ ላይ ስለ መኮንኖች ዝውውር የተጻፈች ሁለት መስመር አገኙ፤ አንድ ወዳጃቸው ወደ ማላጋ ተዛውሯል ትላለች። ያ ወዳጃቸው ማላጋን እንደሚጠይቅ ያጫወታቸው ለብቻቸው ነበር።