«ካምቢዮው ይውረድ» ከመባሉ በፊት፦ ስለ ፍሪሲዮንና ማርሽ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ የምታሽከረክሩ ሁሉ ጥያቄያችሁን አምጡ፤ ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ካምቢዮ የምለው የማርሽ ሳጥኑን ነው፤ ፍሪሲዮን ደግሞ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው፣ ፔዳሉ ሲረገጥም የሚያላቅቀው ክፍል ነው። «ማርሽ አልገባ አለኝ» ብቻ ብላችሁ ግን አትለፉኝ። ሞተሩ ተነስቶ ነው ወይስ ጠፍቶም? አንዱ ማርሽ ነው ወይስ ሁሉም? የመልሱ ግማሽ እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሮጌ ኮሮላ አለኝ። ጠዋት አንደኛና የኋላ ማርሽ አልገባም ይላል፤ በግድ ስከተው ይጮኻል። አንድ ጋራዥ አሳይቼው «ካምቢዮው ይውረድ» አሉኝ። ላስወርደው?

ቆይ፣ ገና ነው። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋና ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገባቸው። ጠፍቶ ያለ ትግል እየገቡ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ካስቸገሩ፣ ካምቢዮህ ደህና የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው። ጥፋቱ ፍሪሲዮኑ በደንብ አለመልቀቁ ነው። ፔዳሉን ረግጠህም ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ካልተላቀቀ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘንግ ማዞሩን አያቆምም። የኋላ ማርሽ ደግሞ በብዙ መኪና ሲንክሮ (የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት) ስለሌለው ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ሞተሩን አስነስተህ ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) አድርገው፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠህ አምስት ቁጠርና የኋላ ማርሽ አስገባ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘንጉ መቆም ስላለበት ድምፅ አይኖርም። አሁንም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው።

ከዚያ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጠህ ሞክር። በዚህ ጊዜ ከተሻለው ፍሪሲዮኑን የሚያሠራው የፍሬን ዘይት መስመር ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይም ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ ጎሚኒ (የውስጥ ጎማው) አልቋል። በጠራራ ፀሐይ ቁጭ በልና ጣትህን ከፔዳሉ በላይ፣ ፖምፓው ግድግዳውን ወደሚበሳበት ቦታ ስደደው። ከረጠበ የላይኛው ፖምፓ ነው። ካልረጠበ መኪናው ሥር ግባና የታችኛውን ፖምፓ የአቧራ ጎማ ገለጥ አድርገው፤ ዘይት ጠብ ካለ አገኘኸው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና የነካውን ቦታ ወዲያው በውኃ እጠበው። የመኪናህ ፍሪሲዮን በዘይት ሳይሆን በካቦ (በሽቦ ገመድ) የሚሠራ ከሆነ ካቦውን እይ፤ ክሩ መበጣጠስ ጀምሮ ይሆናል። ከነዚህ የትኛውም ቢሆን ካምቢዮ አያስወርድም። ሰዎቹን እንደ ሌባ አትቁጠራቸው፣ ግን ሳይፈትሹ «ይውረድ» ማለት በየጋራዡ ልማድ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ከተማ ውስጥ ምንም የለውም። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስወጣ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። የቃጠሎ ሽታም አለው።

ይሄ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ የአንተ ፍሪሲዮን አልያዝ ብሎ ይንሸራተታል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ያለቀ ሸራ ለወራት ትደብቃለች። ዳገት ወይም ጭነት ሲመጣ ነው የሚጋለጠው። ትራፊክ በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራተኛ ማርሽ አስገባና ነዳጁን በአንዴ ርገጠው። የሞተሩ ድምፅ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ካቦ ከሆነ ግን ሸራ ከመግዛትህ በፊት ፔዳሉን በእጅህ ገፋ አድርገው። ክብደቱ ከመሰማቱ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ግድም በባዶው መውረድ አለበት። ያ ክፍተት ከሌለ ሳትረግጠውም እንደተረገጠ ነው፤ ማስተካከል ብቻውን ሊበቃው ይችላል።

ሸራው አልቆ ካምቢዮው የግድ ከወረደ ሸራውን፣ መጫኛ ሳህኑን (ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን) እና ኩሽኔታውን (ፔዳሉ ሲረገጥ ሳህኑን የሚገፋውን) አብረህ ቀይር። ሸራውን ብቻ ቀይሮ ኩሽኔታ መቆጠብ ለኔ ቁጠባ አይደለም፤ የማውረጃውን የእጅ ዋጋ ደግመህ ትከፍላለህ። ቮላኖው ተቃጥሎ ሰማያዊ ነጠብጣብ አውጥቶ እንደሆነ፣ ከሞተሩ የኋላ ጫፍም ዘይት እየወረደ እንደሆነ በዓይንህ እይ። ዘይት ካለ አዲሱም ሸራ ረክሶ ያንኑ ያደርጋል። ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ሳታስጠግን ዓባይ በረሃን እንዳትሞክራት። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ ምን አለን።

ጥያቄ፦ የጎንደር መስመር ሚኒባስ ነው የምነዳው። ሦስተኛና አራተኛ ሰላም ናቸው፤ ወደ ሁለተኛ ስመልስ ብቻ ይጮኻል።

አንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ ፍሪሲዮንህን ተወው፤ የሁለተኛው ሲንክሮ አልቋል። ሲንክሮው ሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት አስተካክሎ የሚያገናኝ የነሐስ ቀለበት ነው። መጀመሪያ የካምቢዮ ዘይቱን አስቀይር፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጂኤል 4 (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው) ካለ ጂኤል 5 አታስገባ፣ አንዳንዱ ነሐሱን ይጎዳል። እስክታስፈታው ድረስ ስትመልስ ፍሪሲዮን ረግጠህ ፎሌ አድርግ፣ ልቀቅ፣ ነዳጅ ትንሽ ንካ፣ እንደገና ረግጠህ ሁለተኛ አስገባ። የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንዲህ ነው የሚነዱት። እጅህንም የማርሽ መቀየሪያው እጀታ ላይ አታሳርፍ፤ ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ማርሽ የሚገፋ ሹካ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ፔዳሉን ስረግጥ የሚጮህ፣ ስለቀው ዝም የሚል ድምፅ አለ።

የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ፎሌ ላይ ፔዳሉ ሲለቀቅ ጮኾ ሲረገጥ ዝም ቢል፣ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው እልሽ ነበር። ያኛው ዋጋው ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ፎገራ ሜዳ ላይ ጎርፍ ውስጥ ገብቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ማርሹ ከብዷል።

ርብና ጉማራ ሲሞሉ ብዙ ሰው ላይ የደረሰ ነው። ካምቢዮው አናት ላይ የአየር መተንፈሻ አለው፤ የሞቀው ካምቢዮ ውኃ ውስጥ ድንገት ሲቀዘቅዝ በዚያ ውኃ ይስባል። የታችኛውን ቡሎን ፈትተህ ጥቂት አፍስስ። ዘይቱ ነጣ ብሎ አረፋ ከያዘ ዛሬውኑ አስቀይር፣ ጥቂት ነድተህም ድገመው። የዲፈረንሻሉንም (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ዘይት ማየት አትርሳ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው። ዘይት ከቀየርኩ በኋላ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ።

ምን ዘይት ነው ያስገባኸው? የመኪና ከሆነ እሱ ነው። የባጃጅ ሸራዎች ሞተር ዘይቱ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ማለስለሻ ቅመም ስላለው ሸራውን ያንሸራትተዋል። አፍስሰህ የሞተር ሳይክል ዘይት አስገባ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። መኪናዬ ክረምቱን በሙሉ ግቢ ቆማ ነበር። አሁን ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሽ ሳስገባ ወደፊት ትዘላለች።

ጋሼ፣ የሐይቁ እርጥበት ሸራውን ከቮላኖው ጋር በዝገት አጣብቆት ይሆናል። የፍሬን ዘይቱ ሙሉ መሆኑን ይዩ፤ ሙሉ ከሆነ ሞተሩን ፎሌ ላይ በደንብ ያሙቁትና ያጥፉት። ሰውም ግድግዳም በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ፔዳሉን እንደረገጡ በሁለተኛ ማርሽ ያስነሱት፤ ነዳጁን መንካትና መልቀቅ ሲደጋግሙ አብዛኛውን ጊዜ ይላቀቃል። መኪናዋ ወዲያው እንደምትንቀሳቀስ ይወቁ፤ ብቻዎን አይሞክሩት፣ አንድ ጉልበት ያለው ልጅ አጠገብዎ ይቀመጥ። ጥቂት ሞክረው ካልሆነ ግን ይተዉት፣ መካኒክ ይምጣ።