አንጋፋ ደራሲ ካላበረታታኝ ልተወው ወይ?

ወንድሜ፣ «ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ አጫጭር ልቦለድ እጽፋለሁ፤ አንድ አንጋፋ ደራሲ አይዞህ ካላለኝ ልተወው?» ብለሃል። ኧረ በፍጹም! ሐዲስ ዓለማየሁም የዚያው የጎጃም ልጅ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር።

ደግሞ የቅኔ ቤቱን ልማድ አስበው። ተማሪው ጉባኤ ቃናውን (ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔውን) በሐሳቡ ሲያዘጋጅ ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታም እዚያው ያርሙታል፣ ሲያስፈልግም ይነቅፉታል። ለእኔ ትልቁ ማበረታቻ ይህ ነው። «ጎበዝ፣ በርታ» ማለትማ ለማንም አይከብድም።

ስለዚህ ደራሲ ስታገኝ ሙሉ ረቂቅህን አታሸክማቸው (የራሳቸው ሥራ አለባቸው እኮ)። ሁለት ገጽ ብቻ ስጥና «የቱ ጋ ሰለቸዎት?» ብለህ ጠይቅ። እስከዚያው የአማርኛ መምህርህ ያንብቡልህ።