ፎቁ ስንት ያወጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ገርጂ አካባቢ ጂ+3 ሕንፃ ልገዛ ነው። ምድሩ ላይ ሦስት ሱቅ፣ ከላይ ስድስት መኖሪያ ቤት አለው። ሻጩ 60 ሚሊዮን ብር ይላል። ደላላው «በካሬ ስታሰላው ርካሽ ነው፤ ሱቁ 45 ሺህ፣ ቤቱ 30 ሺህ፣ በወር 315 ሺህ ያስገባልሃል» እያለ ያጣድፈኛል። አንዱ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ራሱ ካፌ ከፍቷል። ዋጋው ተገቢ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የካሬውን ነገር ተወው። የሚከራይ ሕንፃ ዋጋው የሚያስገባው ነው። ስለዚህ 315 ሺውን እንበትነው።

ካፌው ኪራይ አይከፍልም፤ ሰው ለራሱ ምን ይከፍላል? ሸጦ ሲወጣ የምትረከበው ባዶ ሱቅ ነው። ተከራይቼ እቀጥላለሁ ካለ የኪራይ ውሉን ከሽያጩ ጋር አብሮ ይፈርም፣ አለበለዚያ ከሂሳብህ አውጣው። የሁለቱ ሱቆች 45 ሺህ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ያለበት እንደሆነ ጠይቅ። ካለበት ከእያንዳንዱ ሱቅ ያንተ 39 ሺህ ገደማ ነው፣ ሌላው የመንግሥት። የመኖሪያው ኪራይ ቫት የለበትም፣ እሱ ግን ሌላ ጣጣ አለው፦ በአዋጅ 1320/2016 መሠረት ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ ያውም መንግሥት በሚወስነው ልክ። «ገዝቼ ኪራዩን እሰቅለዋለሁ» ብለህ ዛሬ ዋጋ እንዳትጨምር። ላይና ታችን እንደ ሁለት ቤት አስላቸው።

እንግዲህ ካፌው ወጥቶ፣ ቫቱም አለበት ብለን፣ 78 ሺህ ከሱቅ፣ 180 ሺህ ከመኖሪያ፤ በዓመት 3.1 ሚሊዮን ገደማ። ለጥበቃ፣ ለጥገና፣ ሰው ሳይገባ ለሚያልፈው ወር አንድ አምስተኛውን ቀንስ (እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የምቀንሰው፣ ፓምፕ መቼ እንደሚቃጠል አይታወቅማ)። 2.5 ሚሊዮን ቀረህ። ለ60 ሚሊዮን 4 በመቶ ማለት ነው፣ ያውም የኪራይ ገቢ ግብሩ ሳይነሳ። ሕንፃ ዋጋው ይጨምራል ትለኝ ይሆናል፣ እውነት ነው፤ ግን የነገውን ጭማሪ ለምን ዛሬ ለሻጩ ትከፍላለህ? እኔ ከ6 በመቶ በታች አልገባም። በዚያ ስሌት 41 ሚሊዮን ነው፣ ካፌው በ39 ሺህ ቢከራይ እንኳ 47 ቢሆን ነው።

የተነገረህን ኪራይ በአፍ አትመን። ውሉን፣ የባንክ ገቢውንና ለገቢዎች ያሳወቀበትን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጥ። ለግብር ግማሹን አሳውቆ ላንተ ሙሉውን ከነገረህ፣ አንዱ ጋ ዋሽቷል።

ካርታው ላይ አገልግሎቱ «ቅይጥ» ይላል ወይስ «መኖሪያ»? መኖሪያ ብቻ ከሆነ የሱቆቹ ኪራይ አስተማማኝ አይደለም። ነባር ይዞታ ከሆነ ደግሞ በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፣ የዓመት ክፍያውን ክፍለ ከተማው መሬት ቢሮ ሄደህ አስላ። እዚያው እያለህ እዳና እገዳ እንደሌለበት፣ በመንገድ ወይም በኮሪደር ልማት እንደማይነካም አጣራ። ቀብድ የምትሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።