«ተመዝግቧል» ያለው የት ነው የተመዘገበው?

ሰሞኑን ሐዋሳ ላይ መብራቱ ሄድ መለስ ሲል ስለ ዳታቤዝ (መረጃ መዝግቦ ስለሚይዘው ፕሮግራም) የሚጽፉልኝም በዙ።

ፋርማሲ ያላቸው እህት፣ ከፒያሳ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የመጨረሻዎቹ ሽያጮች ከኮምፒውተሩ ላይ የሉም። ደረሰኙ ግን ተቆርጧል። ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ «ማይኤስኪውኤሉን (ሽያጩን የሚይዘውን ዳታቤዝ) ፈጣን አድርጌዋለሁ» ብሏቸው ነበር። ጥፋቱ የኔ ይሆን? ይላሉ።

አይደለም እህቴ። ዳታቤዝ ሽያጭ ሲመዘግብ መጀመሪያ የሚያስተካክለው ራም ላይ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ባዶ በሚሆነው ማህደረ ትውስታ ላይ፣ ያለውን ገጽ (የዳታ ቁራጭ) ነው። ዲስኩ ላይ በኋላ ይገለብጠዋል። ይህ በራሱ አያስፈራም፤ ለውጡን ቀድሞ ሎግ በሚባል የለውጦች መዝገብ ላይ ስለሚጽፍ፣ ተመልሶ ሲነሳ ከሎጉ አንብቦ ይጠግነዋል። ችግሩ ሎጉ ራሱ ዲስክ ላይ ካልደረሰ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ (ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ) «ጽፌያለሁ» ሲል ጽሑፉን ገና ራም ላይ ይዞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳታቤዙ ኤፍሲንክ በሚባል ትእዛዝ «ዲስክ ላይ አድርሰህ ንገረኝ» ይለዋል። ይህ መጠበቅ ጊዜ ይወስዳል። ለፍጥነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነካካውም እሱ ነው።

ማይኤስኪውኤል ውስጥ «ኢኖዲቢ ፍላሽ ሎግ አት ትራንዛክሽን ኮሚት» የሚል ቅንብር አለ። 1 ሲሆን እያንዳንዱ ሽያጭ ዲስክ ላይ ሳይደርስ «ተመዝግቧል» አይልም። 2 ሲሆን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሰጥቶ ያልፋል፤ ዲስክ ላይ የሚያደርሰው በሰከንድ አንዴ ገደማ ነው። ልጁን ይጥሩትና ቁጥሩን እዚያው ፊትዎ ያሳይዎት። 1 መሆን አለበት። ርካሽ ኤስኤስዲም (ዲስኩ ራሱ) መብራት ሲጠፋ ሊጠፋ የሚችል የራሱ ጊዜያዊ ማቆያ ስላለው ዩፒኤስ ይግዙ። ይህ የመድኃኒት መዝገብ ነው። ለጥቂት ፍጥነት ሲባል እንዲህ መጫወት ያናድደኛል።

ተማሪ። 16 ጊጋ ራም አለኝ፣ ፖስትግሬስ ለሚባለው ዳታቤዝ ሼርድ በፈርስ (ገጾቹን ራም ላይ ለሚያቆይበት ቦታ) 12 ጊጋ ልስጠው?

አትስጠው። ሲጫን የሚመጣው 128 ሜጋባይት ያንሳል፤ ከሩብ ጀምር፣ ማለትም 4 ጊጋ። ፖስትግሬስ ፋይል የሚያነበው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ስለሆነ ያው 8 ኪሎባይት ገጽ ሁለት ቦታ ራም ሊይዝ ይችላል። የቀረውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተውለት፤ እሱም ፋይል ያቆይልሃል። ኤፍሲንክን ግን ለመሞከሪያ ዳታ ካልሆነ በቀር እንዳታጠፋ። ሲንክሮነስ ኮሚት (ሎጉ ዲስክ ላይ እስኪደርስ የሚያስጠብቀው ቅንብር) ጠፍቶ መብራት ቢሄድ የሚጠፉት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ትራንዛክሽኖች (ምዝገባዎች) ናቸው። ኤፍሲንክ ጠፍቶ መብራት ከሄደ ግን ዳታቤዙ እንዳለ ሊበላሽ ይችላል።

ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ሪፖርት ለምን ይንቀረፈፋል? ማታ ኮምፒውተሩን ስለምታጠፉት በፈሩ (ራም ላይ ያለው የዳታቤዙ ማቆያ) ባዶ ሆኖ ይነሳል፤ ሁሉንም ከዲስክ ማንበብ አለበት።

«ሊኑክስ ራሜን በላው»፣ ከአቶቴ። ይህ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ሊኑክስ ትርፍ ራም ላይ ፋይል ያቆያል፤ ሲፈለግ ይለቃል። የራሙን መጠን ስታይ «ፍሪ» (ባዶ) የሚለውን ትተህ «አቬይለብል» (ሲፈለግ የሚገኝ) የሚለውን እይ።

ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ወንድም። መብራት ከጠፋ ወዲህ ፖስትግሬስ አልነሳ አለ። «ፒጂ ዋል» ፎልደር ውስጥ ያሉት ሎግ ስለሆኑ ልሰርዛቸው?

ኧረ በፍጹም! እነሱ ተራ ሎግ አይደሉም፤ ዳታቤዙ ራሱን የሚጠግንባቸው ናቸው። ፖስትግሬሱ እንደቆመ የዳታውን ፎልደር ሙሉውን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ከዚያ ምንም አትሞክር። ፖስትግሬስ የሚያውቅ ባለሙያ ዛሬውኑ ጥራ፤ ነገ አትበል። እስኪመጣ ድረስ እንግዶቹን በወረቀት መዝግብ።