አዲስ ልስን ላይ ቀለሙ እየሻከረ ላስቸገረህ

ቀለሙን አትቀይረው። ደብረ ማርቆስ ያሠራኸውን ቤት ሁለት እጅ ቀብተህ ግድግዳው አሁንም ሻካራና ዥጉርጉር እንደሆነብህ ጽፈሃል። ችግሩ ያለው ከቀለሙ ሥር ነው። ሦስተኛ እጅ ብትጨምርበትም ያው ነው።

የሲሚንቶ ልስን ያለ ስቱኮ (ከቀለም በፊት ግድግዳውን ለማለስለስ የሚለበጥ ሊጥ መሰል ነገር) ልሙጥ አይሆንም፤ የአሸዋው ቅንጣት በቀለሙ ላይ ይወጣል። ስለዚህ፦

1. የተቀባውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፤ የላላውን አራግፍ።
2. ስቱኮውን በስፓቱላ ስስ አድርገህ ሁለት ጊዜ አልብስ። በአንዴ ካወፈርከው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ደርቆ ሳይፈገፈግ ሁለተኛውን አትጀምር።
3. ስትፈገፍግ አምፖል ከግድግዳው ጎን አስጠግተህ አብራ። ፊት ለፊት ሲያዩት ልሙጥ የመሰለው ግድግዳ በጎን ብርሃን ጉብታውን፣ ጉድጓዱን፣ የስፓቱላውን መስመር ሁሉ ያወጣዋል። እዚህ ላይ አትቸኩል፤ ዋናው ሥራ ይሄ ነው።
4. አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ ሲደርቅ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ)፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልስን ቢያንስ 28 ቀን መድረቅ አለበት፤ በጎጃም ክረምት ደግሞ እሱም ላይበቃ ይችላል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። ከመጀመርህ በፊት የፌስታል ቁራጭ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በስኮች ለጥፈህ አሳድረው። ጠዋት ከውስጥ በኩል ካላበው፣ ቀለም ቀቢው «ደርቋል» ቢልህም እንዳትሰማው። በእርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ግድግዳ ነጭ ጨው እያወጣ ቀለሙ ሲላጥ አይቻለሁ፤ ያኔ ስቱኮውም አብሮ ይነሳል።