ሉቨን ቤተሰብ ይዞ መምጣት ወይስ መቅደም?

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ! «ቤልጂየም፣ ሉቨን ለማስተርስ ተቀብለውኛል፤ ባለቤቴንና የ3 ዓመት ልጄን ይዤ ልምጣ ወይስ ብቻዬን ልቅደም?» ብለሻል። እኛ በቤተሰብ ስለኖርንበት የማውቀውን ልንገርሽ። ቅደሚ። ግን ብዙ አትቆዪ፣ ቶሎ አስመጫቸው።

ቅደሚ ያልኩሽ በቤት ምክንያት ነው። ሉቨን 100 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1425 ጀምሮ ያለ ነው፤ አከራዩም የለመደው ተማሪ ነው። «ኮት» የሚሏት አንድ ክፍል አለች፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወጥ ቤቱ ብዙ ጊዜ የጋራ። ለአንድ ሰው ትበቃለች፣ ለቤተሰብ አትሆንም። አንዳንዱ አከራይ ደግሞ በቤቱ አድራሻ ማዘጋጃ ቤት እንድትመዘገቢ አይፈቅድም። ውል ከመፈረምሽ በፊት ይሄን በግልጽ ጠይቂ። ከተመዘገብሽ በኋላ የሰፈሩ ፖሊስ መጥቶ በእርግጥ እዚያ መኖርሽን ያያል። እኛ ቤት የመጣ ቀን ባለቤቴ «ምን አጠፋን?» ብላ ደንግጣ ነበር። ለሁሉም የሚደረግ ነው።

ለቤተሰብ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለውን ኬሰል-ሎን እይ፤ ሰፈሩ ረጋ ያለ ነው። ምህንድስና ከሆነ የምትማሪው ሄቨርሌ የሚባለው ሰፈር ይቀርብሻል። ትምህርት በሴፕቴምበር መጨረሻ ስለሚጀምር ያኔ ቤት ፍለጋው ግፊያ ነው፤ ከወዲሁ ጀምሪ።

ስለ ልጅሽ አታስቢ። መዋዕለ ሕፃናት ከ2 ዓመት ተኩል ጀምሮ በነፃ ነው፤ የምሳና የመሳሰለው ወጪ ግን አለ። የእኛዋ ትንሽ ቆይታ በደች፣ በአገሬው ቋንቋ፣ ትጨቃጨቀን ጀመር።

መኪና አያስፈልግም፣ ሁሉም በብስክሌት ነው። ማታ ያለ መብራት ከነዳሽ ግን ትቀጫለሽ። ቆሻሻም በአገኘሽው ፌስታል አይወጣም፣ የከተማው ከረጢት ከሱፐርማርኬት ይገዛል። ሐኪም ዘንድ መጀመሪያ አንቺ ትከፍያለሽ፣ ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ይመልስልሻል።

አሁን ቶሎ አስመጫቸው ወዳልኩት ልምጣ። ዓርብ ማታ ተማሪው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ባቡር ጣቢያ ይጎርፋል። ቤልጂየሞቹ ቅዳሜና እሁድን ወላጆቻቸው ጋ ነው የሚያሳልፉት፤ ልብሳቸውን እንኳ እዚያው የሚያሳጥቡ አሉ። በሥራ ቀን መተላለፊያ የሚጠፋበት ከተማ ጭር ይላል፣ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። በዚያ ላይ ክረምታቸው አለ፣ ከሰዓት 11 ሰዓት ሳይሞላ የሚጨልምበት። ብቻውን የመጣ አበሻ የሚከፋው በትምህርቱ አይመስለኝም፣ በእሁዱ ነው። ብራስልስ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ እንጀራም ሰውም እዚያ ታገኛለሽ። ቤት ውስጥ የሚጠብቅሽ ሰው ካለ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ቤቱን እስክታገኚ ባለቤትሽ ወረቀቱን ይጨርስ። የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬቱን ከመሄድሽ በፊት ውጭ ጉዳይ አስረጋግጡ፤ ከዚህ ሆኖ ያንን ማሯሯጥ ጣጣው ብዙ ነው። ስኮላርሺፕ ካለሽም ለቤተሰብ የሚጨምሩት ነገር እንዳለ አሁኑኑ በኢሜይል ጠይቂያቸው።