ከወኪሉ ወይስ ከብሮከሩ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ደሴ ላይ ሱቅ የከፈታችሁ፣ ተደራጅታችሁ ባጃጅ ወይም አይሱዙ የገዛችሁ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራችሁ ከደመወዛችሁ ጥቂት የምታስቀምጡ ሁሉ፣ አንድ ቀን አንደበቱ የጣፈጠ ሰው ቅጽ ይዞ ይመጣባችኋል። ኢንሹራንስ ግቡ፣ የሕይወት ዋስትና ግዙ፣ አክሲዮን ውሰዱ ይላችኋል። ዕድሜዬን በነጋዴና በፋብሪካ ሒሳብ ላይ ያሳለፍኩ፣ ለፋብሪካው ንብረት ኢንሹራንስ ስገዛም የኖርኩ ሰው ነኝና፣ እንዲህ ያለው ሰው ለማን እንደሚሠራ እንዴት እንደምትለዩ ልጻፍላችሁ።

ኢንሹራንስ የሚያቀርቡላችሁ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የሽያጭ ወኪል ነው፤ ኤጀንት የምንለው። የኩባንያው ሰው ነው፤ የሚሸጥላችሁም የዚያኑ ኩባንያ ውል ነው። ሌላው ብሮከር ነው። በኢንሹራንስ ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ሁለቱም ፈቃዳቸውን የሚያወጡት ከብሔራዊ ባንክ ነው። ወኪሉ የሚቆመው ለኩባንያው ሲሆን ብሮከሩ የሚቆመው ለእናንተ ለመድን ገቢዎቹ ነው። ከበርካታ ኩባንያዎች ዋጋ ሰብስቦ ማወዳደር ሥራው ነው።

ታዲያ ብሮከር ይሻላል ብላችሁ አትሩጡ። ብሮከሩም ኮሚሽን ነው የሚበላው፤ ኮሚሽኑንም የሚከፍለው ኩባንያው ነው። ገለልተኛ ነኝ ያለ ሁሉ ገለልተኛ አይደለም። እንግሊዞች ይህን ነገር ሲያብላሉት ኖረው፣ መጀመሪያ አማካሪው ሁሉ ወይ ገለልተኛ ወይ የአንድ ኩባንያ ሰው መሆኑን እንዲለይ አስገደዱ። ያም አልበቃ ብሏቸው ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢንቨስትመንት ምክር የሚሰጥ ሰው ከሚሸጥለት ኩባንያ አዲስ ኮሚሽን እንዳይቀበል ከለከሉ፤ ክፍያውን ከደንበኛው ጋር ተስማምቶ ይወስዳል። እኛ ዘንድ የኢንሹራንስ ነገር እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ ከማዕረጉ ይልቅ የሚያጎርሰውን እጅ እዩ። "ይህን ከአንተ ብገዛ ማን ይከፍልሃል? ስንት?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። ነውር የለበትም። በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታዩ የለ!

ወኪሉንም አልንቀውም። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአብዛኞቹ ብሮከሮች ቢሮ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ሌሊት ሱቃችሁ ቢቃጠል ወይም መኪናችሁ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቢገለበጥ፣ በማግስቱ ከቅርንጫፉ ሰው ይዞ የሚደርስላችሁ፣ ከትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት የሚያስጽፍላችሁ የሰፈራችሁ ወኪል ነው። ስሙ እንዳይጠፋም ይፈራል፤ እናቱን ታውቋታላችሁ። መኪናችሁ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ በሕግ ግዴታ ለሆነው ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ከሆነ አትጨነቁ፣ ቅርባችሁ ካለው ግዙ። ችግሩ የሚመጣው ነገሩ ሲሰፋ ነው።

ወኪሉ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን ስለማይከፈልበት። ሌላው ኩባንያ ርካሽ ነው አይላችሁም። ታካፉል፣ ማለትም በእስልምና ሥርዓት የሚሠራውን ከወለድ ነጻ ኢንሹራንስ፣ የምትፈልጉ ከሆነና የእሱ ኩባንያ ታካፉል ከሌለው፣ እገሌ ጋ ሂዱ ብሎ አይሸኛችሁም። በወሎ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ "ይህ ለእናንተ አያስፈልግም" የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም።

አሁን ቅጹን እንየው፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ፕሮፖዛል ፎርም ይባላል። ብዙ ጊዜ ወኪሉ "አብሽር፣ እኔ እሞላዋለሁ" ይላል፤ እናንተ ትፈርማላችሁ። አንድ የማውቀው ልጅ ከኮምቦልቻ ባቲ ሰው የሚያመላልስበት መኪና ነበረው። "ተሽከርካሪው ለምን አገልግሎት ይውላል?" የሚለው ላይ ወኪሉ "ለግል" ብሎ ሞላለት፤ አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ እንዲቀንስና ልጁ እንዳይሸሽ። ልጁ ሳያነበው ፈረመ። መኪናው ሲጋጭ ኩባንያው ቅጹን አውጥቶ ለኪራይ ሲሠራ እንደነበር አስረዳና ካሳ አልከፍልም አለ። ወኪሉ ኮሚሽኑን ከበላ ቆይቷል። ፊርማው የልጁ ነው፤ ምን ይበል?

ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የሱቁ ዕቃ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። አረቦኑ እንዲቀልላችሁ ብላችሁ በ1 ሚሊዮን ታስመዘግቡታላችሁ። የ600 ሺህ ብር ዕቃ ቢቃጠል 600 ሺህ የሚሰጣችሁ ይመስላችኋል፤ 1 ሚሊዮን አይሞላማ! ግን ግማሹን ነው ያስመዘገባችሁት፣ ስለዚህ የሚከፈላችሁም ግማሹ፣ 300 ሺህ ነው። ለቀሪው ራሳችሁ ዋስ እንደሆናችሁ ይቆጠራል። ይህን ሒሳብ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሠርቶ የሚያሳያችሁን ሰው፣ ወኪልም ይሁን ብሮከር፣ አትልቀቁት።

በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን ለእናንተ አልነግርም፤ ሱቁ ባዶ የቀረ ነጋዴ በየቤቱ አለ። የተለመደው የእሳትና የዝርፊያ ውል ጦርነትን ከሽፋኑ ያወጣል። ለፖለቲካ ሁከትና ለሽብር ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት ለብቻው የሚገባ ሽፋን አለ፤ እሱም ምን ምን እንደሚጨምር ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፣ ጦርነትን ላይጨምርም ይችላል። የሁለት የሦስት ኩባንያ ውል ጎን ለጎን ዘርግቶ "ይህኛው ይህን አይሸፍንም" የሚላችሁ ሰው የሚያስፈልጋችሁ እዚህ ላይ ነው። መጋዘን፣ የጭነት መኪና፣ ወፍጮ፣ ማሽን ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ቢሆን ደውላችሁ ብሮከር አናግሩ። በስልክና በቴሌግራም የሚያልቅ ሥራ ነው።

የሕይወት ዋስትና ላይ ጠንከር በሉ። በዚህ ውል የመጀመሪያው ዓመት ኮሚሽን ከሌላው ዓመት ይበልጣል፤ ሻጩ የሚጣደፈውም ለዚያ ነው። በሁለተኛው ዓመት ብታቋርጡት ከከፈላችሁት የሚመለስላችሁ ትንሽ ነው፣ ምንም ላይኖርም ይችላል። "ባቋርጥ በየዓመቱ ስንት ይመለስልኛል?" በሉና ሠንጠረዡን ጠይቁ።

የባንኩን የብድር ሠራተኛም አትርሱ፤ አማካሪ አይመስልም እንጂ ነው። መኪና በብድር ስትገዙ ባንኩ ኢንሹራንስ መግባታችሁን ይጠይቃል፣ መብቱም ነው። አንዳንዱ ግን ከእገሌ ኩባንያ ብቻ ግቡ ይላል። "በደብዳቤ ስጡኝ" በሉት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይለሳለሳል።

አክሲዮን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አሁን የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመ። አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል። የኢንቨስትመንት ምክር እየሰጠ የሚከፈለው ሰው ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ቡና ላይ "የዚህ ባንክ አክሲዮን ዋጋው ሊተኮስ ነው፣ ዛሬውኑ ግባ" የሚላችሁን የሥራ ባልደረባ ፈቃድህን አሳየኝ በሉት፤ ይስቃል፣ እናንተም ሳቁና እለፉ።

ለማንም ፈርሙ፣ የፈረማችሁበትን ቅጽ ኮፒ ዕለቱን ተቀበሉ። ገንዘቡን በወኪሉ የግል አካውንት ሳይሆን በኩባንያው ስም አስገቡና ደረሰኝ ያዙ። ኮፒውን ነገ እልክላችኋለሁ ካለ፣ ፊርማውንም ለነገ አሳድሩት።